አንድ ምድጃ ከሰል ለሦስት ድስት

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሰከላ ወረዳ፣ ግሽ ዓባይ ከተማ የማስተምር ነኝ። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖራለን። ጥቅምት ከገባ ወዲህ ማታ ማታ ብርዱ አላስቀምጥ ብሎናል። ከሥራ ስንወጣ የምንበላበትም የምንሞቅበትም ሆቴል ስለሆነ ደመወዛችን ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። እቤት መሥራት እንፈልጋለን፤ ግን አከራያችን ቆጣሪው የጋራ ነው ብለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ከልክለውናል፤ ያለን አንድ የከሰል ምድጃ ነው። ስልክ ላይ የማየው የዳቦና የኬክ አሠራር ሁሉ ኦቨን ይላል። እቁብ ወጥቶልኛልና ኦቨን ልግዛበት? ሌላም ነገር አለ፤ ሽንኩርት ስከትፍ ያዩኝ ጎረቤት ‹ምነው፣ ወንድ ልጅ ማጀት ገባ?› ብለው ሳቁብኝ። ምን ይመክሩኛል?»
ብርድ የፈጀው፣ ከግሽ ዓባይ

እንደምን ሰነበትክ፣ ልጄ።

ከጎረቤትህ ልጀምር፤ እሱ አጭር ነው። ደግመው ከሳቁብህ «የቅዳሴውን ኅብስት የሚጋግረው ማን ነው?» ብለህ ጠይቃቸው። ቤተ ልሔም ገብተው የሚያዘጋጁት ዲያቆኑና ቄሱ ናቸው። የጎጃም የቅኔ ተማሪስ? ዋሸራም ሄደ ዲማ፣ እናቱ ተከትላው አልሄደችም። ለምኖ ያመጣውን እንጀራ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ድርቆሹን በውሃ እያራሰ ነው ቅኔውን የቆጠረው። አንተ ሽንኩርት ብትከትፍ ምን ብርቅ አለው? ይልቅ ዳቦው የደረሰ ዕለት አንድ ቁራሽ ላክላቸው፤ ሳቁ እዚያ ላይ ያበቃል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። አንተ የቸገረህ ምግብ መስሎሃል፤ እኔ ግን የቸገረህ እሳት ነው እላለሁ። የተመደብክበት አገር ድንችና ገብስ የሚያበቅል ደጋ ነው፤ የገበያ ቀን ብትወጣ ድንቹ በማዳበሪያ ተደርድሮ ታየዋለህ። ሆቴል ገብተህ ሽሮ ስታዝ የምትከፍለው ለሽሮው ብቻ እንዳይመስልህ፤ ለሰውየው ከሰል፣ ለወንበሩ፣ ከብርድ ለተጠለልክበት ግድግዳም ነው። እቤት ስትሠራም ያው የእሳት ወጪ ይከተልሃል። ከሰል አቀጣጥለህ አንዲት ሽሮ በሃያ ደቂቃ አውጥተህ የቀረውን ፍም አመድ ይሁን ብለህ ከተውከው ከሆቴሉ ብዙም አልተሻልክም። ሦስታችሁ በየተራ ለየራሳችሁ የምታነድዱ ከሆነማ ጨርሶ አትጻፉልኝ።

ብር እየጠራሁ አልመክርህም። ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ በሚቀጥለው ገበያ ያስቅብኛል። የከሰሉን ነገር ግን ልንገርህ፤ እሱ አይለወጥም።

ከሰል ሦስት ዕድሜ አለው። መጀመሪያ ተቀጣጥሎ ሲንቦገቦግ ኃይለኛ ነው፤ ያኔ የሚጣደው ብዙ ውሃ ያለው ነገር ወይም ቁሌት ነው። ቀጥሎ ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይረጋል፤ የዳቦ ጊዜ ይህ ነው። በመጨረሻ ላዩ አመድ ይለብስና የሞተ ይመስላል። አልሞተም። በዚያ እሳት ውሃ አሙቀህ ፔርሙዝ ትሞላለህ፤ ጠዋት በሶህን ስትበጠብጥ ወይም ሻይህን ስትጠጣ ክብሪት አትጭርም። ብዙ ሰው የሚያውቀው የመጀመሪያውን ዕድሜ ብቻ ነው፣ ሁለቱን ለአመድ ይሰጣል።

እንዲህ አድርገህ አስበው። ሰኞ ማታ ፍሙ ሲንቦገቦግ ትልቁን ድስት ድንች እስከ ነልጩ ቀቅል፤ ለሦስት ሰው እራት ከሚበቃው በላይ አድርገው። እራታችሁ ድንች በዳጣ ነው። ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና ጨውን አንድ ላይ ወቅጠህ ጥቂት የኑግ ዘይት ጠብ አድርግበት። ከነልጩ እየላጡ፣ እጅ እያቃጠለ፣ እየነከሩ መብላት ነው። ለብርድ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም፤ አፍንጫህ ሳይቀር ይሞቃል። ከድንቹ ሦስት አራቱን ግን እንዳትነኳቸው። የነገ ዳቦ ናቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣትህ በፊት የሩብ ሰዓት ሥራ አለህ። የተረፈውን ድንች ልጠህ እስኪልም ድረስ ፍጨው፤ 300 ግራም ያህል ይሁን። 700 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ለጥ ያለ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ፣ ካለህ ቆንጠር ያለ ጥቁር አዝሙድ ጨምር። ውሃው ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ድንቹ ራሱ ውሃ ይዟልና መጀመሪያ አንድ የውሃ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ብቻ አድርግ፤ ከዚያ በኋላ በማንኪያ በማንኪያ እያየህ ነው። በመዳፍህ እየገፋህ አሥር ደቂቃ እሸው። መጀመሪያ ጣትህ ላይ ይጣበቃል፤ ዱቄት ለመጨመር እጅህ ይበላሃል፤ ታገሥ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ራሱ ይለቅሃል። ክደነው፣ በፎጣ ጠቅልለው፣ ጥግ ላይ አስቀምጠውና ሂድ። እርሾውን ያሳነስኩት ሆን ብዬ ነው፤ በእናንተ ብርድ ቀስ ብሎ እስከ ማታ ይነሣል፣ ጣዕሙም ያን ጊዜ ነው የሚመጣው። ድንቹ ደግሞ ዳቦውን ሁለት ሦስት ቀን ሳይደርቅ ያቆየዋል። ጎጆ ያልያዘ ሰው በየቀኑ አይጋግርም፣ ስለዚህ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማታ ስትመለስ ሊጡን ትንሽ አሽተህ ድቡልቡል አድርገው። ድስቱን በኮባ ቅጠል አልብሰው፤ ኮባው እንዳይሰነጠቅ ቀድመህ እሳት ላይ ለብለብ አድርገው፣ ዘይትም ቀባ። ጓሮው ኮባ ያለው ሰው ጎረቤት አይጠፋም፣ ቅጠል ደግሞ የሚከለክል የለም። ሊጡ በድስቱ ውስጥ ዳግመኛ ሲነሣ አንተ በመጀመሪያው እሳት ወጥህን ትሠራለህ። ወጡ ሲወርድ ፍሙ ረግቷል። ያኔ ከፍሙ አብዛኛውን አንሥተህ ክዳኑ ላይ አድርገው፤ ከታች ጥቂት ብቻ ይቅር። ከላይ ይብዛ፣ ከታች ይነስ። በየአሥር ደቂቃው ድስቱን ሩብ ዙር አዙረው። ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይበቃዋል። ቢላዋ ስትሰካበት ደርቆ ከወጣ፣ ቂጡን በጣትህ ስታንኳኳውም እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ደርሷል።

ይህን «ከታች ይነስ» የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ጎጆ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት አማቴ ሊጎበኙን መጡ። እኔም እንዲበስልልኝ ብዬ ከሥር ከሰሉን ቆለልኩት። ድፎው ሲወጣ ላዩ ያምራል። ስቆርሰው ቂጡ ከሰል፣ መሃሉ ሊጥ። አማቴ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ቢላዋ አንሥተው ጥቁሩን ፋቅ ፋቅ አደረጉና ዳር ዳሩን በሉ። ተቆጥተውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ኬክ ብለሃል። ጥቅምት ላይ ዱባ አይጠፋም፤ በድንቹ ቦታ የተቀቀለና ውሃው በደንብ የጠፈፈ ዱባ አድርግ፣ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይም ማር ጨምር፣ ድንብላል ወቅጠህ ነስንስበት። ዱባ ውሃው ከድንች ስለሚበዛ ከብርጭቆው ግማሹን ብቻ አድርገህ ጀምር። ቀለሙ እንደ አደይ አበባ ይወጣል። ክሬም የለውም፤ ግን በቡና ሰዓት አቅርበውና የሚጠይቅህ ካለ ልወቅ። ዱባውን ስትገዛ ግንዱ ያልተነቀለውን ምረጥ፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ሳይቆረጥ ወራት ይቆያል፣ ከተቆረጠ ግን ከጥቂት ቀን አያልፍም። ስለዚህ የቆረጥከው ዕለት እኩሌታው ዱባ ወጥ፣ እኩሌታው ዳቦ፣ ፍሬው ደግሞ በጨው ተቆልቶ ፈተና ስታርም የምትቆረጥመው ይሁን። ፉርኖው ውድ መስሎ ከታየህ ከአራት እጅ አንዱን በገብስ ወይም በበቆሎ ዱቄት ተካው። ከዚያ አትለፍ፤ ሁለቱም ሊጡን እንደ ስንዴ የሚይዝ በቂ ነገር ስለሌላቸው ዳቦው በደንብ አይነሣልህም።

ባቄላና ሽምብራ አልበስል ይሉህ ይሆናል። የከተማችሁ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ደርሶ አይደለም፣ 91 አካባቢ ላይ ነው። ድስቱ ቢንተከተክም ሙቀቱ ያንሳል። ከሰል በመጨመር አትታገለው። ሌሊቱን ሙሉ ዘፍዝፈው፣ ብዙ እሳት ይቆጥብልሃል። ቅንጬን ደግሞ፣ የገብስም ይሁን የእንግዶ፣ አምስት ደቂቃ አፍልተህ ክዳኑን ገጥመህ ድስቱን በጋቢ ጠቅልለው። ከ40 ደቂቃ በኋላ ስትፈታው በራሱ ሙቀት በስሎ ታገኘዋለህ። ጋቢው ቢሸት እኔን አትውቀስ።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ሲባል ሰምተሃል። ልብ በል፣ አንድ አጥንት ነው ያለው፤ አንድ ኪሎ ሥጋ አላለም። የድሮ ሰው የደመወዝተኛን ኪስ ያወቀ ይመስላል። ጾመ ጽጌን የምትጾም ከሆነ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ይህን አንቀጽ ዝለለው፤ የፈቃድ ጾም ስለሆነ አንተው ታውቃለህ። ካልሆነ ቅዳሜ ሥጋ ቤት ሄደህ አጥንት ጠይቅ፣ ቅልጥሙን ሰንጠቅ እንዲያደርግልህ ንገረው። ቀትር ላይ በብዙ ውሃ፣ በሽንኩርትና በዝንጅብል ጣደው፤ በአመድ በተሸፈነ ፍም ቀስ እያለ ይንተክተክ። ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ድንች ከትተህ ቃሪያ ጣል አድርግ። ሦስታችሁም ትጠግባላችሁ፣ ጎረቤትም ይሸተዋል።

ሽሮ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የተፈጨ ሽሮ ከማታውቀው ሰው፣ በተለይ በጣም ረከሰ ብለህ፣ አትግዛ። ጓያ ሊቀላቀልበት ይችላል። ጓያ አልፎ አልፎ ከሌላ እህል ጋር ተበልቶ የሚያልፍ ነገር ነው፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን ሽባ የሚያደርግ መርዝ አለው። መዘፍዘፍና ውሃውን መድፋት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። አንተ ማታ ማታ ሽሮ ልትበላ ነው፣ ስለዚህ አተሩን ወይም ባቄላውን ሦስታችሁ አዋጥታችሁ ግዙና ራሳችሁ አስፈጩት። መቁላቱና ማስከካቱ ካስቸገራችሁ አከራያችሁን አማክሩ። በርበሬውንም እንዲሁ፤ የቡሬና የወምበርማ አዲሱ በርበሬ ወደ ገበያ ሲወጣ ጠብቁ።

እንጀራ ግን አትጋግር። ሰው ይገርመው ይሆናል፣ የምክር ዓምድ ጸሐፊ «ግዛ» ስትል። ምጣድ፣ ሊጥ፣ ማገዶ፣ ጭስ፤ ለሦስት ወንደላጤ አያዋጣም። አከራይህ በሳምንት ሁለቴ እንደሚጋግሩ እገምታለሁ፤ በዱቄት ወይም በብር ተስማማችሁ አብረው ይጋግሩላችሁ። የመጨረሻው እንጀራ ከወጣ በኋላ ምጣዱ እንደጋለ ይቆያል፤ «እማማ፣ ቂጣ ልጣልበት?» ብለህ በትሕትና ጠይቅ። ለእርሳቸው የሚባክን ሙቀት ነው። እንጨቱን ፈልጠህላቸው ከጠየቅክ ደግሞ መልሱን አሁን ልነግርህ እችላለሁ። የተረፈውን እንጀራ አድርቀህ ያዝ፤ ወሩ ሲያልቅ ፍርፍር ይሆናል።

ድንቹን በማዳበሪያ ከገዛችሁ ጨለማና ነፋሻ ቦታ አኑሩት። ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመራል፣ ሆድም ያውካል፤ አረንጓዴውን ክፍል ቆርጠህ ጣል።

አሁን እየጻፍኩ ጣቴን የማነሣብህ ነገር አለ። የከሰል ምድጃውን ከነፍሙ ይዘህ ክፍል እንዳትገባ። ምግቡን በረንዳ ላይ ሥራ፣ ዳቦውንም እዚያው ጋግር፣ ለሦስተኛው ዕድሜ ለውሃው የቀረውንም ፍም እዚያው ውጭ ተወው። አመድ የለበሰ ፍም ጭስ የለውም፣ አይሸትም፤ ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው። መስኮትና በር ዘግቶ የተኛ ሰው ራስ ምታቱን እንኳ ሳይጨርስ ይቀራል። እኔ ራሴ አንድ የጥቅምት ሌሊት ልጆቼን ላሙቅ ብዬ ምድጃውን አስገብቼ ትንሿ ልጄ ስታስመልስ ነው የነቃሁት። ያን ሌሊት በሩን በርግጄ ግቢው ውስጥ ብርድ ላይ ተቀምጠን አነጋን። ሙቀት ከፈለግህ የፈላ ውሃ በፕላስቲክ ጀሪካን ሳይሆን በደንብ በሚዘጋ የብረት ኮዳ አድርገህ በፎጣ ጠቅልለህ እግርህ ሥር አኑር።

የቀረው የእቁቡ ብር ነው። ኦቨን አትግዛ። ትንሹ የኤሌክትሪክ ኦቨን እንኳ 1,500 ዋት አካባቢ ይስባል። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው በእርከን ከፍ የሚል ነው። ግቢው ሁሉ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁላችሁም ተደምራችሁ ውዱ እርከን ላይ ትወጣላችሁ፤ አከራይህ ንፉግ ሆነው አይደለም የከለከሉህ። በዚያ ላይ መብራቱ ሊጡ በተነሣበት ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። ይልቅ ቂጡ ወፍራም፣ ክዳኑ ጠፍጣፋና ከባድ የሆነ አንድ ብረት ድስት ግዛ፤ ዝውውር ሲመጣም ከልብስህ ጋር ጠቅልለህ ይዘኸው የምትሄደው ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ስትወርድ ያገለገለ ብታገኝም አትናቀው። ከመክፈልህ በፊት ክዳኑን ግጠምና አዙረው፤ የሚንገጫገጭ ከሆነ ፍሙ እላዩ ላይ አይቀመጥልህም፣ ሌላ አሳየኝ በለው።